ሁለት ኪሎ መነጽር፣ አንድ አንገት፦ ከ20 በ80 ባይኖኩላር ጋር አሥራ አራት ወር

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ የሻንጣዋን ግማሽ የበላባትን ካርቶን «ይኸው መድፍህ» ብላ ነበር ያስረከበችኝ። 20 እጥፍ የሚያጎላ፣ የእያንዳንዱ የፊት ሌንስ ስፋት 80 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከሁለት ኪሎ በላይ የሆነ ባይኖኩላር፣ ማለትም ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ባለ ሁለት ቱቦ መነጽር ነው።

በመጀመሪያው ምሽት በእጄ ይዤ ጨረቃን ለማየት ሞከርኩ። ጨረቃዋ እስክስታ ትወርድ ነበር። የሚያጎላው ጨረቃን ብቻ ሳይሆን የእጅን መንቀጥቀጥም ነውና። ያለኝ የካሜራ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ይበቃል ብዬ ነበር፤ አልበቃም። ኮከቡን መሃል አስገብቼ እጄን ስለቅ የፕላስቲክ አንገቱ ቀስ እያለ ያጎነብስና የጎረቤት ቆርቆሮ ያሳየኛል። ሁለት ወር ከታገልኩ በኋላ ሠርግ ከሚቀርጽ ጓደኛዬ ያገለገለ ከባድ የቪዲዮ ትራይፖድ ገዛሁ። ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ የመቆሚያውን ዋጋ ከመነጽሩ ጋር አብራችሁ ደምሩ።

ማንም ያልነገረኝ ግን የአንገቱን ነገር ነው፤ የትራይፖዱን ሳይሆን የእኔን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ኦሪዮን የተባለው የከዋክብት ስብስብም ሰባቱ ከዋክብት የሚባሉትም በጣም ከፍ በሚሉበት ሰዓት አናት ላይ ናቸው፤ 75 ዲግሪ ገደማ። ቀጥ ያለ ባይኖኩላር ወደዚያ ሲቀና ዐይን የሚገባበት ጫፍ ወደ መሬት ይመለከታል። ተመልካቹም ትራይፖዱ ሥር እንደተበላሸ መኪና ጠጋኝ ይንበረከካል። እኔ መፍትሔ ያገኘሁት ሰዓት በመምረጥ ነው። ኅዳር ላይ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ ሰባቱ ከዋክብት ገና በምሥራቅ ዝቅ ብለው ሳሉ ቆሜ አያቸዋለሁ። መነጽሩ 3 ዲግሪ ያህል ሰማይ ስለሚይዝ ሁሉም በአንድ እይታ ይገባሉ። ትልቅ ቴሌስኮፕ ይህን አያደርግም።

በኋላ በርና መስኮት የሚሠራ የአሉሚኒየም ባለሙያ ዘንድ ሄጄ ከአራት ዘንጎች የሚታጠፍ ክንድ አሠራሁ። በአንዱ ጫፍ መነጽሩ፣ በሌላው ግማሽ ድረስ አሸዋ የያዘ ጀሪካን። ሰውዬው ምን እንደሚሠራ እስከ መጨረሻው አልገባውም፤ ግን አሳምሮ ሠራው። ክንዱ ከፍና ዝቅ ሲል መነጽሩ አቅጣጫውን አይለቅም፤ እኔ ቆሜ ያየሁትን የስድስት ዓመት ልጄ ዝቅ አድርጋ ታየዋለች።

የደቡቡ ሰማይ ግን ክንድም አያስፈልገውም። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ይዤው ሄድኩ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው የከዋክብት ክምችት ከአድማስ 33 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ ልክ ለቆመ ሰው ዐይን በሚመች ቦታ ላይ ነበር። በባዶ ዐይን ደብዛዛ ኮከብ ይመስላል፤ በመነጽሩ ግን ክብ፣ ሰፊ፣ ጠርዙ እንደ ተነፋ ዱቄት የሚበተን ነገር። 17,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ የሚገኝ፣ ሚሊዮኖች ከዋክብት የታጨቁበት ክምችት። በአብዛኛው አውሮፓ ከአድማስ በላይ እንኳ አይወጣም። ብርዱ ጣቴን ቢያደነዝዘውም ከአንድ ሰዓት በላይ ከእሱ አልተነቀልኩም።

በፕላኔቶች በኩል ብዙ አትጠብቁ። የጁፒተር አራት ጨረቃዎች ይታያሉ፤ ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያገኛቸው በተቀራራቢ ማጉላት ነበር። ሳተርን ግን ሞላላ እንቁላል ነው፤ ቀለበቱን አትለዩትም።

አዲስ አበባ ውስጥ የከተማው ብርሃን ብዙውን ይበላል። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ያማርራል፣ እኔ ወደ ጣሪያው እሮጣለሁ። እዚህ ላይ አንድ ምክር፦ ለጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ። አከራዬ አንድ ማታ ወጥተው «ልጄ፣ የሰው መስኮት ነው የምታየው?» አሉኝ። ጨረቃን አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ጉድጓድ በጉድጓድ ናት እኮ!» አሉ። አሁን ጨረቃ በወጣች ቁጥር ይጠሩኛል።

ክረምቱን በሚዘጋ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን ከሰበሰብኳቸው እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር አስቀመጥኩት፤ ሌንሱ ሻጋታ አልያዘም። ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ስንመለስ ግን ሁለቱ ቱቦዎች ከመስመር ወጥተው ሁለት ጨረቃ አሳዩኝ። ከመነጽሩ የጎማ ሽፋን ሥር ያሉትን ትናንሽ ብሎኖች በሰዓት ሠሪ መፍቻ፣ በሩብ ዙር እየነካካሁ መለስኩት፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። የእኔ ዐይን ለምዶታል። እንግዳ ሲያይበት አሁንም «ይህ ኮከብ መንታ ነው?» ይለኛል።