ልጄን እንደ እንቁላል ላነሱልኝ ሐኪም

ይህን የምጽፈው እንደኔ ልጇን አዝላ የምትንከራተት እናት ካለች እንድታነበው ብዬ ነው።

ልጄ ሲወለድ ጀምሮ ቆዳው ትንሽ ሲነካ ውሃ ይቋጥራል። የካልሲ ስፌት፣ የዳይፐር ላስቲክ፣ ሙቀት፣ ሁሉም ያቆስለዋል። ሦስት ዓመት ያልሄድንበት የለም። አንዱ ጋ "አለርጂ ነው" ተባልን። ሌላው ጋ "በሙቅ ውሃ አቃጥለሽው ነው" ብለው እንደ ወንጀለኛ ጠየቁኝ። አንድ ቦታ ደም ወስደው የለጠፉትን ፕላስተር ላጥ ሲያደርጉት ቆዳው አብሮ መጣ። ያ ጩኸት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ቤት ስገባ ደግሞ "በእናቱ ዘር የመጣ ነው" ይሉኛል።

በመጨረሻ ጎረቤቴ ወደ እኚህ የቆዳ ሐኪም ላከችኝ። ልጁን በብብቱ አላነሱትም። አንድ እጃቸውን ከመቀመጫው፣ ሌላውን ከማጅራቱ ሥር አድርገው እንደ እንቁላል ቀስ ብለው አነሱት። ከኔ በቀር እንዲህ የያዘው ሰው አልነበረም። እዚያው አለቀስኩ።

በሽታው ኤፒደርሞላይሲስ ቡሎሳ ይባላል። አራት ዋና ዋና ዓይነት አለው አሉኝ። ላይ ላዩን ይመሳሰላሉ፤ ግን የአንዱ ቁስል ያለ ጠባሳ ይድናል፣ አንዱ ጣትን እስከማጣበቅ ይደርሳል። "ቆዳ ገበር እንዳለው ካፖርት ነው። ስፌቱ ነው የላላው ወይስ ጨርቁ ነው የሳሳው? ጂኑን፣ ማለት ሰውነት የሚሠራበትን የዘር መመሪያ፣ ሳናውቅ ስለነገው ባወራ ውሸቴን ነው" አሉኝ። የኔም የአባቱም ናሙና ተወሰደ።

ውጤቱ ሲመጣ ሲምፕሌክስ የሚባለው ሆነ፤ የተለወጠው ኬራቲን 14 የሚባል ጂን ነው። የላይኛው ጨርቅ ራሱ ነው የሳሳው ማለት ነው። ሌላውን ዝርዝር አልገባኝም። አንድ ነገር ግን በደንብ ገባኝ፦ የጂኑ ለውጥ ከኔም ከአባቱም አልተገኘም። እሱ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው።

"ሌላ ብወልድስ?" አልኳቸው። "ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው፤ ዜሮ ነው ግን አልልሽም።" ሳይሸነግሉ ስለነገሩኝ ይበልጥ አመንኳቸው። ቀጥለው "አማትሽን ይዘሻቸው ነይ" አሉኝ። አስቀምጠው ወረቀቱን እያሳዩ "እማማ፣ ይህ የማንም ጥፋት አይደለም" አሏቸው። አማቴ ያን ቀን ታክሲ ውስጥ እጄን ይዘው ነበር የሄዱት።

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ።

እናቶች፣ "አለርጂ ነው" ተብላችሁ ዝም አትበሉ። ዓይነቱ እንዲለይላችሁ ጠይቁ። እባካችሁ ፕላስተርም አታስለጥፉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ነው የተውኩት፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አዲስ አበባ ካላችሁ እኔው ራሴ እወስዳችኋለሁ።