ከጎንደር ወይስ ከባንኮክ? የርቀት ሠራተኛው ምርጫ

በኢንተርኔት አማካይነት ለጀርመን ድርጅት የሚሠራ የጎንደር ወጣት፣ በከተማው ይቆይ ወይስ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወደሚኖርባት ባንኮክ ሄዶ ጥቂት ወራት ይሥራ የሚለውን ሲመዝን፣ በእኔ እምነት በቅድሚያ ሊያጤነው የሚገባው የሰዓት ልዩነትን ነው። በርሊን ከጎንደር ወደ ኋላ የምትቀረው እንደ ወቅቱ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ሥራው አመሻሽ ላይ ያበቃና ከቤተሰብ ጋር እራት ለመብላት ያደርሳል። ባንኮክ ላይ ግን ያው የሥራ ቀን የሚጠናቀቀው ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው፤ ይህ ለወራት ሲደጋገም ጤናን ይጎዳል።

የጎንደር ትልቁ ችግር የግንኙነት መቋረጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ይረዳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ ግን፣ በስልክ መስመር ብቻ ይሠራ ለነበረ ሰው ከተማ ከመቀየር በቀር ብዙ አማራጭ አልነበረም። በዚህ ረገድ ባንኮክ ያለ ጥርጥር ትበልጣለች።

የአየሩ ነገር ግልጽ ነው፦ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ ማቀዝቀዣ አያስፈልጋትም፤ የባንኮክ ሙቀት ግን ያለ እርሱ አያሠራም።

ታይላንድ በ2024 እ.ኤ.አ. የጀመረችው የርቀት ሠራተኞች ቪዛ ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ በአንድ ጉዞ እስከ 180 ቀን ያስቆያል። ነገር ግን አመልካቹ 500,000 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) እንዳለው ማሳየት ስለሚጠበቅበት፣ ገቢው ገና ላልተረጋጋ ጀማሪ ጎንደርን እመርጥለታለሁ። በየዕለቱ በቪዲዮ ስብሰባ መገኘት ግዴታው የሆነና ቁጠባ ያለው ባለሙያ ግን ወደ ባንኮክ ቢሄድ ይሻለዋል።