ተረት ያለው ጅብ ወይስ ፎቶ ያለው?

ሐረር ውስጥ ለልጅ የእንስሳት መጽሐፍ ሲገዛ ምርጫው ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፦ ተረት፣ ወይም ፎቶና መረጃ። ሁለቱንም በጅቡ እንለካቸው።

በተረቱ ጅብ ሆዳምና ሞኝ ነው። ማታ ሲነበብለት ልጁ ይስቃል፣ «ድገሚልኝ» ይላል። ቋንቋም ይለቅምበታል። «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ከዚሁ መንደር ነው። (ሐረር ላይ ግን ያውቁታል፤ ቁርበት ባይነጠፍለትም ሥጋ ይቀርብለታል።)

የመረጃው መጽሐፍ ይህን ሁሉ ይገለብጠዋል። የነጠብጣብ ጅብን መንጋ የምትመራው ሴቷ ናት፤ ከወንዱም ትገዝፋለች። ግልገሎቿ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ጥርስ አብቅለው ይወለዳሉ። ጅብ ውሻ ቢመስልም ዝምድናው ለድመት ወገን ይቀርባል። አጥንት ስለሚፈጭ ደግሞ ኩሱ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል። ልጆች እቺን ገጽ አይለቋትም፣ እናት ብትቆጣም።

ችግሩ የውጭ ህትመት ይበዛል። ፔንግዊንና የዋልታ ድብ ሞልቶበት፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ባቢሌ ዝሆን እንዳለ የሚነግር አላጋጠመኝም። ዋጋውም ኪስ ይጎዳል።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ እስከ አምስት ስድስት ዓመት ተረቱ ይበቃል። ማንበብ ከጀመረ ግን ፎቶ ያለውን ግዙለት። በተለይ ማታ ጅብ ሲበላ ልታሳዩት ካሰባችሁ ቀድማችሁ አንብቡለት፤ መሪዋን በግዝፈቷ ለመለየት ሲሞክር ያመሻል።