የደዋዩን ቁጥር በኮምፒውተር መያዝ፦ የዩኤስቢ ሞደምና የኤንሲአይዲ ሶፍትዌር በጎንደር አንድ ፔንሲዮን ውስጥ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የምናስተዳድረው አነስተኛ የቤተሰብ ፔንሲዮን መደበኛ ስልኩን እስከ ዛሬ አልተወም። በ058 የሚጀምረው ቁጥራችን በበሩ ሰሌዳ፣ በአሮጌ ካርዶችና በአስጎብኚዎች ማስታወሻ ላይ ለዓመታት ተጽፎ ስለኖረ፣ የሞባይል ቁጥር ብንጨምርም የቆዩ ደንበኞቻችን የሚደውሉት በእርሱ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ ስልኩ አያርፍም፤ እንግዳ ተቀባይ ሆና የምታግዘን አክስቴ ለአንድ እንግዳ ክፍል ለማሳየት ፎቅ በወጣች ቁጥር ከታች ስልኩ ጮኾ ያቆማል፣ ማን እንደደወለም የሚነግረን የለም። ለጥር 11 ማደሪያ የሚፈልግ ሰው ክፍል እያለን መልስ አጥቶ መቅረቱ ከገቢው ይልቅ ሕሊናዬን ይቆረቁረኝ ነበር። የደዋዩን ቁጥር ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሞደምና (የስልክ መስመርን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ትንሽ መሣሪያ) ሶፍትዌር ለመትከል የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከብዙ ሙከራ በኋላ የደረስኩበትን፣ መደበኛ ስልክ ይዘው ለሚሠሩ ፔንሲዮኖች፣ ፋርማሲዎችና ክሊኒኮች ይጠቅማል ብዬ ጽፌዋለሁ።

በመጀመሪያ የገዛሁት ዋጋው አነስተኛ የሆነ የዩኤስቢ ፋክስ ሞደም ነበር፤ ሻጩም እኔም ሞደም ሁሉ አንድ ነው ብለን ነበር። መስመሩን ያውቃል፣ ስልክ ሲደወል ያስታውቃል፣ ቁጥሩን ግን ፈጽሞ አላሳየም። ፋክስ መላክና የደዋይን ቁጥር መፍታት የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸውን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው፤ ማሸጊያው ላይ «ኮለር አይዲ» (Caller ID፣ የደዋይ ማንነት ማሳያ) የሚል ጽሑፍ የሌለውን ሞደም ለዚህ ሥራ ባትገዙ ይሻላል። ሁለተኛውን ሞደም የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ፤ የዩኤስ ሮቦቲክስ 5637 ነው። ኃይሉን ከዩኤስቢ ገመዱ ስለሚወስድ ሌላ አዳፕተር አይፈልግም፤ የራሱ መቆጣጠሪያ ስላለውም ሥራውን በኮምፒውተሩ ሶፍትዌር ላይ አይጥልም፣ ሊኑክስ በተባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓትም በዊንዶውስም ይሠራል። በካርቶኑ ላይ በጉልህ የተጻፈው 56 ኪሎቢት ፍጥነት ግን ለእኛ ጉዳይ ምንም ትርጉም የለውም፤ በሞደም የሚነበበው የደዋይ መረጃ የሚተላለፈው በሰከንድ 1200 ቢት ብቻ ነውና፣ ስለ ፍጥነት ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚመጣ ማወቅ ከሶፍትዌሩ ምርጫ ይበልጥ ጠቅሞኛል። የስልክ ማዕከሉ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ደወል መካከል ባለው ጸጥታ ውስጥ በሁለት ድምፆች መፈራረቅ የተሠራ አጭር መልእክት ይልካል፤ በመልእክቱ ውስጥ ወርና ቀን፣ ሰዓትና ደቂቃ፣ እንዲሁም የደዋዩ ቁጥር ይገኛሉ፣ አንዳንድ አገር ስምም ይጨመርበታል። አላላኩ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከመጀመሪያው ደወል በፊት የሚልኩም አሉ፣ ቁጥሩን እንደ ስልክ ቁልፍ ድምፅ አድርገው የሚልኩም አሉ። ስለዚህ ሞደም ከመግዛት በፊት ቁጥር የሚያሳይ ተራ የጠረጴዛ ስልክ ተውሶ በመስመሩ ላይ መሞከር ብልህነት ነው። እርሱም ካላሳየ ጥፋቱን በኮምፒውተሩ ላይ ከመፈለግ አስቀድሞ አገልግሎቱ በመስመሩ ላይ መከፈቱን መጠየቅ ይገባል።

ከዚህ አሠራር የተነሣ በቤታችን ያልጠበቅሁት ችግር መጣ። አክስቴ ስልክ ገና እንደጮኸ የማንሣት ልማድ አላት፤ እንዲህ ሲደረግ ግን መልእክቱ ሳይላክ መስመሩ ስለሚከፈት በኮምፒውተሩ ላይ ቁጥር የሌለው ጥሪ ይመዘገባል። ሦስት ቀን ሙሉ ሞደሙ ተበላሽቷል ብዬ ገመድ ስቀይር ከቆየሁ በኋላ፣ እኔ ሳነሣ ቁጥሩ እንደሚታይ፣ እርሷ ስታነሣ ግን እንደማይታይ አስተዋልኩ። «እትዬ፣ ሁለተኛው ደወል ሲጀምር ያንሡት፤ ቁጥሩ የሚደርሰው በመካከሉ ነው» ብዬ ብለምናት፣ «ሰው እየጠራ ዝም ማለት ነውር አይደለም ወይ፣ ልጄ?» አለችኝ። ነውር ያለችው ነገር ከልብ የመጣ አክብሮት ስለሆነ አልተከራከርኳትም፤ ወንበር ስቤ በማያ ገጹ ፊት አስቀመጥኳትና ከሞባይሌ ደወልኩላት። በሁለተኛው ደወል ላይ ስሜ በማያ ገጹ ወጥቶ ስታየው ደስ አላት፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን አንብባ፣ ስልኩን አንሥታ፣ ደዋዩን በስሙ ጠርታ «እንደምን ዋሉ» ትላለች። የቆዩ ደንበኞቻችን ይህን ሲሰሙ የሚያሳዩት ደስታ ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ፍሬ ነው።

ወደ ተከላው ስመለስ፣ ማንኛውንም ሶፍትዌር ከመጫን በፊት ሞደሙን ለብቻው መፈተን እንደሚገባ አጥብቄ እመክራለሁ። በዊንዶውስ ላይ የተሰኩ መሣሪያዎችን የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ማናጀር ከፍቶ ሞደሙ የተሰጠውን የኮም (COM) ቁጥር፣ ማለትም የመገናኛ በሩን ስም ማየት፣ ከዚያም «ፑቲ» (PuTTY) የተባለውን በመሰለ ነፃ ፕሮግራም ወደዚያ ኮም መግባት ይበቃል። «ኤቲ» (AT) ብሎ በላቲን ፊደል ጽፎ ኢንተር ሲጫኑ «ኦኬ» የሚል መልስ ከመጣ ሞደሙ ይሰማል ማለት ነው። ቀጥሎ «ኤቲ+ቪሲአይዲ=1» (AT+VCID=1) ይጻፋል፤ ሞደሙ «ኤረር» ብሎ ከመለሰ «ኤቲ#ሲአይዲ=1» (AT#CID=1) ይሞከራል፣ የሞደም ሠሪዎች በአንድ ትእዛዝ አልተስማሙምና። ከዚያ ከሌላ ስልክ መደወል ነው። «ሪንግ» የሚለው ቃል ብቻ እየተደጋገመ ከመጣ ሞደሙ ደወሉን እንጂ ቁጥሩን አላገኘም፤ «ኤንኤምቢአር» (NMBR) የሚል መስመር ከነቁጥሩ ከታየ ግን ከባዱ ሥራ አልቋል። በቁጥሩ ቦታ «ፒ» የሚል ፊደል የሚመጣው ደዋዩ ቁጥሩን ሲደብቅ ሲሆን፣ «ኦ» የሚለው ደግሞ ቁጥሩ ወደ ማዕከሉ አለመድረሱን ያመለክታል። ፈተናው ሲያበቃ የፑቲ ፕሮግራሙን መዝጋት አይረሳ፤ አንድን ኮም በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ፕሮግራም ብቻ ስለሆነ፣ ክፍት ከተተወ ቀጥሎ የሚጫነው ሶፍትዌር ሞደሙን አላገኘሁም ይላል።

በእኛ መስመር ላይ ኢንተርኔትም በዚያው የመዳብ ሽቦ ስለሚመጣ፣ በመጀመሪያ ቁጥሮቹ አንዳንድ ጊዜ ተቆራርጠው ይደርሱ ነበር። የኢንተርኔቱን ሞገድ ከስልኩ ድምፅ የሚለየውን የኤዲኤስኤል ፊልተር ከጠረጴዛው ስልክ ላይ ብቻ አድርገን ሞደሙን በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሰክተነው ኖሮ፣ የኢንተርኔቱ ሞገድ መልእክቱን ይረብሸው ነበር። ሞደሙንም ስልኩንም ከፊልተሩ በኋላ በሁለትዮሽ መሰኪያ ስናገናኛቸው ችግሩ ጠፋ።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ፣ በመጀመሪያ የሞከርኩት በዊንዶውስ ላይ የሚሠራና የሚከፈልበት ነበር። መልኩ ያማረና ለመትከልም ቀላል ቢሆንም፣ የደንበኛ ስም በአማርኛ ስጽፍ በጥያቄ ምልክት ረድፍ ይተካዋል፤ የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ተውኩት። አሁን የምንጠቀምበት ኤንሲአይዲ (NCID) ምንጩ ክፍት የሆነ ነፃ ሶፍትዌር ነው። አሠራሩ ሁለት ክፍል አለው፤ ሰርቨሩ ሞደሙ በተሰካበት ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ጥሪዎችን ይመዘግባል፣ ክላየንቱ ደግሞ በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ ባሉ ሌሎች ኮምፒውተሮች ላይ መዝገቡን ያሳያል። እኔ ማንም የማይነካውን አሮጌ ላፕቶፕ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጭኜበት ሰርቨር አደረግሁት፤ ክላየንቱን በእንግዳ መቀበያው የዊንዶውስ ኮምፒውተርና በቢሮዬ ላይ ጫንኩ። የሁለቱ መገናኛ በተለምዶ ፖርት (የኔትወርክ በር ቁጥር) 3333 ነው፤ ክላየንቱ መገናኘት ሲያቅተው መጀመሪያ የሚታየው የኮምፒውተሩ መከላከያ የሆነው ፋየርዎል ይህን ፖርት መዝጋት አለመዝጋቱ ነው።

በግልጽ መናገር የሚገባኝ ኤንሲአይዲ ለጀማሪ የሚያባብል ሶፍትዌር አለመሆኑን ነው። ሞደሙ ያለበትን ፖርት፣ የደንበኞችን ስምና ሌላውንም ሁሉ በጽሑፍ ፋይል ውስጥ በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ሊኑክስ አይቶ የማያውቅ ሰው የሚያውቅ ወጣት ከጎኑ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። አንዴ ከተስተካከለ በኋላ ግን የሚያሳየው ጽናት የሚያስመሰግነው ነው፤ ጠዋት ስገባ በሌሊት የተደወሉትን ቁጥሮች በሰዓታቸው ተራ ሰፍረው አገኛቸዋለሁ። የማይፈለግ ደዋይን በራሱ ጊዜ ስልኩን የሚዘጋበት ችሎታም አለው፣ እኔ ግን አላበራሁትም፤ እንግዳ የሚቀበል ቤት በማሽን እጅ በሩን ሊዘጋ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ሰዓት የወሰደብኝ ቁጥርን ከስም ጋር ማገናኘቱ ነው። አንድ ሰው በማስታወሻችን ላይ በ09 ወይም በ07 በሚጀምር አሥር አኃዝ ተጽፎ ሳለ፣ በመስመሩ የሚመጣው ቁጥር አንዳንድ ጊዜ 0ው ተነሥቶለት፣ አንዳንድ ጊዜም 251 ቀድሞት ሊሆን ይችላል፤ ለሰው አንድ የሆነው ቁጥር ለኮምፒውተር ሦስት ነው። ስለዚህ ስም ከማስገባቴ በፊት ከከተማው መደበኛ ስልክ፣ ከሞባይልና ከአዲስ አበባ እያስደወልኩ ቁጥሩ በምን መልክ እንደሚመዘገብ በወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ ለአዘውታሪ ደንበኞች ደግሞ በታየው መልክ ሁሉ ስማቸውን አስገባሁ። የጥያቄ ምልክቱ ትዝ ስለሚለኝ ስሞቹን በላቲን ፊደል ነው የጻፍኳቸው፤ ለአክስቴ ይህ ያስቸግራታልና የተደጋጋሚ ደዋዮችን ስም በሁለቱም ፊደል የያዘ ወረቀት በኮምፒውተሩ አጠገብ ለጥፈናል። ከባሕር ማዶ በሚመጣ ጥሪ ላይ ግን ብዙ ተስፋ ማድረግ አይገባም፤ ቁጥሩ በየማዕከሉ ሲተላለፍ ሊቀር ስለሚችል፣ ከውጭ የሚደውሉልንን ዘመዶች ቁጥራቸውን በአፋቸው እንዲነግሩን አሁንም እንጠይቃለን።

የቀንና የሰዓት ልዩነትም ሠራተኛን ያሳስታል። በመዝገቡ ላይ «0119» የሚለው የፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19፣ ማለትም በብዙው ዓመት ጥር 11 ነው፤ «1430» የሚለው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው። በአንድ ወቅት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የደወሉ እንግዳ በማግሥቱ ጠዋት እንደደወሉ ተቆጥረው መልስ የዘገየባቸው በዚህ ስሕተት ነበር። አሁን ከአሥራ ሁለት በላይ እስከ 18 ለሆነ ሰዓት 6፣ ከ19 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ 18 ቀንሶ ማንበብን ለሠራተኞቹ አስተምረናል፤ የምዝገባ ደብተራችን ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደሆነ ቀጥሏል።

መብራት ሲጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ ለጥቂት ሰዓት ይይዘዋል፤ ባትሪው ካለቀ ስልኩ እንደ ወትሮው ይሠራል፣ የሚቋረጠው ምዝገባው ብቻ ነው። ላፕቶፑ ሲዘጋ እንዳያንቀላፋ፣ የዩኤስቢ መሰኪያውም ኃይል ለመቆጠብ ሲባል እንዳይጠፋ በቅንብሩ መከልከል ያስፈልጋል፤ ይህን ባላደረግሁበት የመጀመሪያው ሳምንት ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተደወለ አንድም ጥሪ አልተመዘገበም ነበር።

ሥራው ሁሉ በሞባይል ብቻ ለሆነ ቤት ይህን ሁሉ ድካም አልመክርም። መደበኛ ስልኩ የሚጮኽለት፣ ሠራተኛውም ከጠረጴዛው እየተነሣ የሚሄድበት ቤት ካለ ግን፣ ሞደሙንና ኤንሲአይዲን ያለ ሥጋት እንዲሞክራቸው እላለሁ። በእኛ ቤት አክስቴ ከፎቅ በወረደች ቁጥር በመጀመሪያ የምታየው ማያ ገጹን ሆኗል፤ ያመለጠ ቁጥር ካለ ወንበሯን ስባ ትቀመጥና ራሷ መልሳ ትደውላለች።