ፒያሳ ያለው ክሊኒክ፦ ሐኪሟ አንደኛ፣ ወረፋው ግን...

በሁለት ወር ሦስቴ ጉንፋን ሲይዘኝ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ስሙ ይቅር። ካርድ አውጥቼ አንድ ሰዓት ተኩል ወንበር ላይ! ያልተጨነቀም እዚያ ይጨነቃል።

ሐኪሟ ግን ጎበዝ ናት። አንቲባዮቲክ ይጻፉልኝ ስላት "ለቫይረስ አይሠራም" አለችና ስለ እንቅልፌና ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። ስንጨነቅ ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች የሚመነጨው ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ለአጭር ጊዜ ሲጨምር የሰውነትን መቆጣት ያበርዳል፣ ጭንቀቱ ለወራት ሲዘልቅ ግን ነጭ የደም ሴሎችን ያዳክማል፣ ያኔ ጉንፋኑም በር ክፍት ያገኛል። በአውሮፓውያኑ 1991 የወጣ ጥናትም አለ፤ 394 ጤነኛ ሰዎች አፍንጫ ውስጥ ቫይረስ ጠብ ተደርጎ፣ ጭንቀት የበዛባቸው ይበልጥ ተይዘዋል።

በቃ ኮርቲሶሌን ልመርመር አልኩ። አላዘዘችልኝም! ጠዋት ከፍ፣ ማታ ዝቅ ስለሚል አንድ የደም ምርመራ ጭንቀትን አይለካም አለች። ሌላ ቦታ ቢሆን አምስት ዓይነት ላብራቶሪ ያሸክሙኝ ነበር፣ ዕድሜ ይስጣት።

ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ግን ቀና ብላ እንኳ አታይም። ሽንት ቤቱም ውኃ የለውም። የምትሄዱ በጠዋት ሂዱ፣ ከ3 ሰዓት በኋላ አይሞከርም።