«ሱፍ አልኩህ እንጂ የበግ ፀጉር አልኩህ?» ለቦል ልብስ የምትገዙ ተጠንቀቁ

ከሱቁ ከተመለስኩ ሦስት ሰዓት አልሞላኝም። ንዴቱ ስላልበረደልኝ ክፉ ቃል ቢያመልጠኝ ይቅር በሉኝ። ለትምህርት ልትሄዱ ሻንጣ የምታዘጋጁ፣ «ዩኒቨርሲቲው ቦል የሚባል የእራትና የጭፈራ ግብዣ አለው፣ ደህና ሙሉ ልብስ ይዘህ ና» የተባላችሁ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ሜትሩን አንገቱ ላይ አጥልቆ በር ላይ የሚቆመው ነው። ገና ከመግባታችሁ ትከሻችሁን በዓይኑ ለክቶ ይጨርሳል። መጀመሪያ ሆን ብሎ የሚያስጠላ ኮት ያለብሳችሁና ራሱ ፊቱን አጨማዶ «ይህስ አይመጥንህም» ብሎ ያወልቅላችኋል። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቶ በላስቲክ የተሸፈነውን፣ «ለማንም የማላወጣውን» ይዞ ይመጣል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ወንድሜ በዚሁ መንገድ ሲሸወድ አጠገቡ ቆሜ ስቄበታለሁ። እኔ ተራዬ ሲደርስ ግን «የት ነው ጉዞው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ዩኒቨርሲቲ እንደምገባ ስነግረው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «ዶክተሬ» አለኝ። ገና አንድ ክፍል አልተማርኩም። አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። መስታወቱ ፊት ቆሜ ራሴን እንደ ዶክተር ማየት ጀምሬ ነበር።

«ጋሼ፣ ጨርቁ ሱፍ ነው?» አልኩት።

«ሱፍ ነዋ! ያውም ሱፐር 150!» አለኝና እጅጌው ጫፍ ላይ የተሰፋችውን ወርቅማ ጽሑፍ ያላት ቁራጭ አሳየኝ። «ይህቺን እንዳታወልቃት፣ የልብሱ ክብር እሷ ናት።»

ትንሽ ሳመነታ ጊዜ ከሸሚዙ ኪስ ጥቁር የጨርቅ ቁራጭ አወጣ። ከቁራጩ አንድ ክር መዘዘ፣ ላይተሩን ለኮሰ፣ ክሩን አስጠጋው። ክሩ ተጨማደደ፣ እሳቱ ሲርቅ ራሱ ጠፋ፣ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። በጣቱ ሲያሸው እንደ አመድ ደቀቀ። «አየህ? ፖሊስተር ቢሆን ይቀልጥ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ትክክለኛው መለያ ይኸው ነው፣ የነገረኝ ሁሉ አንድም ስህተት የለውም። ስህተቱ ቁራጩ ከኪሱ መውጣቱ ላይ ነበር። ኮቱ ፊቴ ተሰቅሏል፤ እኔ ሞኙ ደግሞ ከኪስ የወጣ ክር ሲቃጠል እያየሁ ስለ ኮቱ እርግጠኛ ሆንኩ።

ሌላም አለ፣ ይህን ለመጻፍ አፍራለሁ። የሚጠብቁኝ ግብዣዎች ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ሰምቼ ነበር፤ አንዱ ብላክ ታይ ይባላል፣ ሌላው ዋይት ታይ። ልዩነቱን ስጠይቀው ሳያመነታ «ይህ ልብስ ለሁለቱም ይሆናል» አለኝ። «ጥቁሩን ፓፒዮን ስታስር ብላክ ታይ፣ ነጩን ስታስር ዋይት ታይ። ስሙ ራሱ እኮ ይናገራል!» ስሙ ራሱ ስለሚናገር ነጩንም ፓፒዮን ጨምሬ ገዛሁ። ሁለቱም በላስቲክ አንገት ላይ የሚጠለቁ፣ ተሰፍተው ያለቁ ናቸው።

ገንዘቡን እየቆጠርኩ ሳለ የሱሪውን እግር በነጻ አሳጥርልሃለሁ አለ። ማሰቢያ ጊዜ እንኳ አልሰጠኝም፤ ሱሪው መርፌ ተወጋበት፣ ጓዳ ገባ፣ መኪናው ተንጫጫ፣ ተቆርጦ ወጣ። ቸርነት መስሎኝ አመስግኜ ወጣሁ።

ማታ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ለደረሰው ጓደኛዬ በቪዲዮ ደውዬ ልብሱን ለብሼ ታየሁት። መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ «እጅጌህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለኝ። ያቺ ቁራጭ ለካ ልብሱ ሱቅ ውስጥ ሳለ ለሻጭና ለገዢ ምልክት እንድትሆን በስሱ የምትሰፋ፣ ገዢው በመጀመሪያው ቀን የሚነቅላት ናት። ክብሬ ያልኳት እሷ ናት!

ሱፐር 150 የሚለውንም ተረጎመልኝ። ቁጥሩ የበጉ ፀጉር ቅጥነት መለኪያ ነው፤ በዓለም አቀፉ የሱፍ ጨርቃ ጨርቅ ድርጅት ደንብ 150 ለመባል የፀጉሩ አማካይ ውፍረት ከ16.25 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) መብለጥ የለበትም፣ ፖሊስተር ላይ ሊጻፍም አይገባም። እውነተኛው ቢሆን እንኳ ስስ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፍር ለሚያድር ተማሪ የሚመከር አይደለም። እና መቀስ አምጣ አለኝ። ከሱሪው የውስጥ ስፌት ትርፍ ጨርቅ አንድ ክር መዝዤ ክብሪት አስነካሁት። ተሸበሸበ፣ ተንጠባጠበ፣ ጥቁር ጭስ አወጣ። የሸተተኝ ፀጉር አልነበረም፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ነበር። ሳህኑ ላይ የቀረው የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ጠጠር ናት፤ በጥፍሬ ብጫናት አልፈረጠችም።

ስለ ነጩ ፓፒዮን ስነግረው ጓደኛዬ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ዋይት ታይ ማለት ፍራክ ነው፤ ከፊት አጭር፣ ከኋላ ጭራ ያለው ኮት። ሰደርያው ነጭ ነው፣ የሸሚዙ ኮሌታ ጠንካራና ጫፉ ወደ ውጭ የታጠፈ ነው፣ የሱሪው ጎን ላይ ሁለት ጥብጣብ ይወርዳል። የብላክ ታይ ሱሪ ጥብጣቡ አንድ ነው። የእኔው ሱሪ ደግሞ ምንም የለውም። የብላክ ታዩ፣ ጭራ የሌለው አጭሩ የእራት ኮት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1865 የለንደኑ ልብስ ሰፊ ሄንሪ ፑል፣ በኋላ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ለሆነው ልዑል ለቤት መዝናኛ ብሎ እንደሰፋው ይነገራል። በሌላ አነጋገር፣ ሰውዬው ጥንት ለቤት ውስጥ የታሰበውን ዓይነት፣ ያውም የእሱን የውሸት ቅጂ፣ ነጭ ፓፒዮን ጨምሮበት ለትልቁ ግብዣ ሸጠልኝ። ደግሞ እኮ መቸኮልም አያስፈልገኝም ነበር። ታላላቆቹ ቦሎች ብዙ ጊዜ የሚደረጉት ዓመቱ ሲያልቅ ነው፤ የካምብሪጁ እንኳ ስሙ ሜይ ቦል ሆኖ ሳለ የሚውለው ፈተና ካለቀ በኋላ በጁን ነው። እኔ የምደርሰው በመስከረም ነው።

ዛሬ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ደረስኩ። ጠጠሯን በወረቀት ጠቅልዬ፣ ኮቱን ክንዴ ላይ አድርጌ፣ ደረሰኙን ኪሴ ውስጥ ይዤ። ሰውየው ሌላ ልጅ እያለበሰ ነበር። ያንኑ ዓይነት ኮት። ያንኑ «ዶክተሬ»ም አለው። ቆሜ ጠበቅኩት፤ ጨዋ ልሁን ብዬ! ልጁ ወደ መለኪያው ክፍል ሲገባ ወረቀቱን የመስታወት ጠረጴዛው ላይ ፈትቼ ጠጠሯን አስቀመጥኩ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ።

«ከሱሪው የመዘዝኩት ክር ነው፣ ጋሼ። ሱፍ ነው ብለውኝ ነበር።» እንዲያ ተቃጥዬም አንቱታውን አልተውኩም።

ጠጠሯን አልነካትም። እጁን ዘርግቶ ደረሰኙን ተቀበለኝና ወደ እኔ አዙሮ በትንሿ ጣቱ ጥፍር መታ መታ አደረገው። «ምን ይላል? አንብበው።»

«አንድ ሱፍ» ብዬ አነበብኩ።

«ከፍ አድርገህ።»

«አንድ ሱፍ።»

«ታዲያ? ሱፍ ከፈልክ፣ ሱፍ ወሰድክ። አገር ሁሉ ሙሉ ልብስ ሱፍ ይለዋል። ሱፍ አልኩህ እንጂ የበግ ፀጉር አልኩህ?»

ሂሳብ የምትቀበለው ልጅ አንገቷን ወደ መሳቢያው ደፍታ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሱሪ የሚያሳጥረው ሰው ከጓዳ ብቅ ብሎ «የሚዘራውን ሱፍ ስላልሰጠንህ ነው?» አለ፤ ያኔ ሁለቱም ሳቃቸውን ለቀቁት። አየሩን ዋጥኩ። አፌ ተከፍቶ ቀረ፣ ምክንያቱም አማርኛው ልክ ነው። እኛው ነን ጨርቁንም ሱፍ፣ ልብሱንም ሱፍ የምንለው። እኔ ስጠይቀው ጨርቁን ነበር፤ እሱ ሲመልስልኝ ልብሱን። ሱፐር 150ውስ? ላይተሩስ? ስለው «እሱ ማሳያ ነው፣ ሱፍ ምን እንደሚመስል አስተማርኩህ» አለኝ። አስተማረኝ!

ገንዘቤን መልሱልኝ ስል የሱሪውን እግር ወደ ላይ ገልብጦ የተቆረጠውን አሳየኝ። «ይህን ለማን ልሽጠው? የአንተ ቁመት ያለው ሌላ ሰው ከየት ይመጣል?» ከደረሰኙ ግርጌ ያለውንም አነበበልኝ፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ያ ነጻ ማሳጠር ቸርነት አልነበረም፤ መመለሻ መንገዴን የቆረጠበት መቀስ ነው። ስወጣ ከኋላዬ የሰማሁት «በል አንተ ልጅ፣ በሩን ዝጋው» የሚለውን ነው። በሁለት ቀን ከዶክተርነት ወደ ልጅነት ወረድኩ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የአራት ወር ቁጠባዬ መሄዱ አይደለም፤ በሩ ላይ ያደረግኩት ነው። መለኪያው ክፍል ውስጥ ያለው ልጅ ይሰማኛል ብዬ ጮክ ብዬ «ሱፍ አይደለም!» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። አፈርኩ። በሩን ዘጋሁት፤ ያውም ቀስ አድርጌ።

ምክር ለመስጠት ፊት የለኝም፤ ግን ባጭሩ፦ የጥሪው ወረቀት እጃችሁ ሳይገባ አትግዙ። ጥሪው ብሔራዊ ልብስ ይፈቀዳል ካለ እሱን ይዛችሁ ሂዱ። ፍራክ ለአንድ ሌሊት ተከራዩ እንጂ አትግዙ። ሴቶችም ዋይት ታይ ካለ ቀሚሱ መሬት የሚደርስ መሆን አለበት፤ «ጉልበት ላይ የሚያርፈው ይበቃል» የሚላችሁን አትስሙ። የምትገዙ ከሆነ ከውስጥ ኪስ አጠገብ ያለውን የጨርቅ መግለጫ ራሳችሁ አንብቡ፤ ተቆርጦ ከተነሳ ወደ መጣችሁበት ተመለሱ። ክር የሚቃጠል ከሆነ ከምትገዙት ልብስ ስፌት ይመዘዝ። ደረሰኙ ላይ «100 በመቶ የበግ ፀጉር» ተብሎ ይጻፍ፤ ሱፍ ብቻ አይበቃም። እስክትወስኑ ድረስም ማንም የሱሪውን እግር እንዲቆርጥ አትፍቀዱ።

ኮቱ የክፍሌ በር ላይ ተሰቅሏል። የእጅጌዋን ቁራጭ ነቅያታለሁ፤ ከስሯ አራት የመርፌ ቀዳዳ ቀርቷል። ሻንጣዬ ውስጥ አልከተውም፣ ክብደቱም አይረባ። ሐሙስ ጠዋት እበራለሁ። ነጩን ፓፒዮን ግን ወንድሜ ወስዶታል፤ ከወሰደው ጀምሮ እያጠለቀ በፊቴ ይመላለሳል።