ሐውልቱን ለሠራልን ልጅ ምስጋና፣ ለምትፈልጉም ጥቆማ

የሥራ ባልደረባዬና ጓደኛዬ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ካረፈ ባለፈው ጥቅምት ዓመት ሞላው። ለሙት ዓመቱ ሐውልቱን ያቆምነው እኛ የድሮ የሥራ ጓደኞቹ ከቤተሰቡ ጋር አዋጥተን ነው። ሐውልቱን የሠራልንን ልጅ በአደባባይ ሳላመሰግነው ብቀር ጓደኛዬም የሚወቅሰኝ ይመስለኛል።

ጓደኛዬ አራሚ ነበር። አራት ኪሎ አካባቢ በነበረ ማተሚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን ሠርተናል። እኔ ረቂቁን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሱ ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ለእርማት የወጣውን ወረቀት በጣቱ ይከተላል። ስሕተት ሲያገኝ አፍ አውጥቶ «ቁም» አይለኝም፤ ጠረጴዛውን አንዴ መታ ያደርጋል። በተቀጠርኩ ሰሞን ስለ አንድ የሥዕል ትርኢት በተጻፈ ጽሑፍ ላይ «ሰአሊ» በእሳቱ ሰ ሲያልፍ ዝም አልኩ። ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረና «ይኼ እኮ ለማኝ ነው። የሚሥለው ሰው በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው። ‹ሰአሊ ለነ ቅድስት› ስትል ምን እያልክ ነው?» አለኝ። ያን ቀን እስከ ማታ ሀሁን እንደ አዲስ ነው ያስቆጠረኝ፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። አንድም ቀን ግን ሰው ፊት አርሞኝ አያውቅም። እናቴ ያረፈች ጊዜም ሦስት ሌሊት ድንኳን ውስጥ አብሮኝ ያደረው እሱ ነው።

እንዲህ ላለ ሰው ሐውልት ማሠራት ቀላል አልሆነልንም። መጀመሪያ ቀብድ የከፈልንበት ቤት ያሳየን ናሙና «አረፈ» እና «ዓመተ ምህረት» ይል ነበር። ይስተካከልልን ስንል «ማን አይቶት ነው?» ተባልን። ፊደል ሲሳሳት እንቅልፍ ያጣ የነበረ ሰው ራስጌ ላይ እንዴት ይህን እናቆማለን? ቀብዳችንን ትተን ወጣን።

ይህን ልጅ ያገኘነው ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ በሰው በሰው ተጠቁመን ነው። ጽሑፉን ከስልኬ አሳየሁት። ሁለቴ አነበበውና «ጋሼ፣ ይቅርታ፤ ምሕረት በሐመሩ ሐ፣ ዐረፈም በዐይኑ ዐ ቢሆን አይሻልም?» አለኝ። ለካ ስቸኩል እኔም ተሳስቼ ኖሯል! የት እንደተማረ ብጠይቀው ጎጃም፣ ዲማ ጊዮርጊስ የአብነት ትምህርት ቤት ቅኔ መቁጠሩን ነገረኝ። የጓደኛዬ ባለቤት የእሱን መዝገበ ቃላት ለእኔ ሰጥታኛለች፤ የደስታ ተክለ ወልድን፣ የ1962ቱን፣ ጀርባው በፕላስተር የተያዘውን። ማታ ገልጬ አየሁት፤ ልጁ ልክ ነበር።

ድንጋዩን ሳይነካ በፊት ጽሑፉን በሙሉ መጠኑ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፈው፤ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ለጥፎ ጠራን። «አንድ ሰው ያንብብልኝ፣ እኔ ልከተል» አለ። ሌሎቹ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጮክ ብዬ ሳነብ እሱ እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ ይከተል ጀመር። ስሙ ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። ልጁ ጣቱን ካቆመበት ሳያነሳ ጠበቀኝ። ምንም አላለም። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

ሥራውን በተመለከተ፣ ፊደሉን በመሮ ጠለቅ አድርጎ ነው የሚያወጣው፤ ቀለሙ በዝናብና በፀሐይ ቢለቅ እንኳ ጽሑፉ ይነበባል። ነጭ እብነ በረድ ስንመርጥ ዓመት ቆይቶ ምን እንደሚመስል ወስዶ አሳየን፤ ከዚያ ወደ ጥቁሩ ግራናይት ዞርን። ግማሹን ቀብድ ተቀበለ፣ በቃሉ ቀን አደረሰ፣ መሃል ላይ «ዕቃ ተወዷል» ብሎ ብር አልጨመረብንም። ተከላውንም ራሱ መጥቶ ውኃ ልክ ይዞ ነው የሠራው። በምረቃው ቀን ልንሸልመው ስንል ለሻማና ለጧፍ አውሉት ብሎ መለሰልን።

የጓደኛዬ ባለቤት ጨርቁ ሲገለጥ አላለቀሰችም። ጠጋ ብላ ዐይኑን ዐ በጣቷ ዞረችውና «እሱ ቢያይ ደስ ይለው ነበር» አለች። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እጅህን ይባርከው።

መሮ ይዞ ሳለ ስልክ አያነሳም፤ ከመሸ ደውሉለት። ቁጥሩን በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ እልካለሁ። ስትሄዱ ጽሑፉን በወረቀት ጽፋችሁ ውሰዱ፤ ጮክ ብሎ የሚያነብለትም ሰው ይዛችሁ ሂዱ።